ከቢጫው አምፖል ወደ ኤልኢዲ፦ የቤት መብራት ምርጫ ዳሰሳ

የቤት መብራትን በኃይል ቆጣቢ አምፖል የመተካት ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተነሣው ከሦስት ወይም ከአራት የአምፖል ዓይነቶች አንዱን እንደመምረጥ ሆኖ ነው። ዛሬ ግን በዓይነቶቹ መካከል የነበረው ፉክክር በአመዛኙ አብቅቷል፤ የሃሎጂን አምፖልም ሆነ በተለምዶ «ኃይል ቆጣቢ» የሚባለው ጠመዝማዛ የፍሎረሰንት አምፖል ቦታቸውን ለኤልኢዲ እየለቀቁ ሲሆን፣ በብዙ አገሮችም በሕግ ከገበያ ወጥተዋል ወይም በመውጣት ላይ ናቸው። አስቸጋሪው ምርጫ አሁን ያለው በኤልኢዲዎቹ መካከል ነው። በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ቅርጻቸውና ዋታቸው ከሚመሳሰል ሁለት አምፖሎች አንዱ ለዓመታት ሲያገለግል ሌላው በጥቂት ወራት ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ገዢው ዓይነትን ከመለየት ይልቅ ጥራትን የመለየት ዕውቀት ያስፈልገዋል። ይህ ዳሰሳ የአምፖሎቹን አሠራርና ታሪክ የሚያነሣው ለዚሁ መሠረት እስከሆነ ድረስ ሲሆን፣ ምሳሌዎቹም በዋናነት በ220 ቮልት ከሚሠራውና ኃይሉ አዘውትሮ ከሚዋዥቀው የኢትዮጵያ ከተሞች መስመር የተወሰዱ ናቸው።

ባለሽቦው አምፖል፣ ብዙ ሰው ቢጫው አምፖል የሚለው፣ የሚያበራው በመጋል ነው። ፊላመንት በሚባለው፣ ተንግስተን ከተባለ ብረት በተሠራ ፀጉር መሰል ጥምዝ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው 2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ላይ ይደርስና ያበራል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ደረጃ የጋለ ብረት ከሚያመነጨው ጨረር ዓይን ሊያየው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ አምፖሉ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 5 በመቶ ገደማው ብርሃን ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ለፍሬ ያበቃው አምፖል የካርቦን ክር የነበረው ሲሆን፣ የተንግስተን ሽቦ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከተተካበት ወዲህ የአምፖሉ አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። ዕድሜው 1,000 ሰዓት ያህል ነው። ታላላቅ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ፌበስ የተባለ ኅብረት በመመሥረት የአምፖል ዕድሜ ከዚህ እንዳይበልጥ መስማማታቸው ይታወቃል፤ ድርጊቱ ብዙ ጊዜ እንደ ንጹሕ ሸፍጥ ይተረካል፤ ነገር ግን ሽቦው ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ በዝቅተኛ ሙቀት መሥራት ስላለበት፣ ብርሃኑም አብሮ መድከሙ እንደማይቀር የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው።

የዚህ አምፖል ሌላው ድክመት ኃይል በሚወርድበት ሰፈር ጎልቶ ይታያል። የባለሽቦ አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ወደ ቤት የሚገባው ኃይል ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ፣ ይኸውም ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ ሳይሞላ ሲቀንስ፣ ብርሃኑ በግማሽ ያህል ይደክማል፤ አምፖሉ የሚወስደው ኃይል ግን ቀድሞ ይወስድ ከነበረው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት የምሽት ሰዓት ቤቱ በግማሽ ብርሃን ይቀመጥና ለሦስት አራተኛው ይከፍላል። ኃይል ሲያሻቅብ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አምፖሉ ደምቆ ያበራና ሽቦው ቶሎ ይበጠሳል።

የሃሎጂን አምፖል የዚሁ የባለሽቦው ዘመድ ነው፤ ቁጠባው ከአምስት እጅ አንድ ወይም ከአራት እጅ አንድ አይበልጥም፣ ስለዚህ ለቤት ብርሃን ሊመረጥ የሚገባበት ምክንያት የለም። ፍሎረሰንት ግን ከሁለቱም በመሠረቱ ይለያል። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ጥቂት የሜርኩሪ ተን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያመነጫል፣ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተቀባው ነጭ ዱቄት ደግሞ ጨረሩን ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ ከአንድ ዋት ከ50 እስከ 65 ሉመን ይገኛል፤ ሉመን ማለት ከአምፖሉ የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን መለኪያ ሲሆን፣ ባለሽቦው አምፖል ከአንድ ዋት የሚሰጠው 12 ሉመን ያህል ብቻ ነው። ረጅሙ የፍሎረሰንት ዘንግ ለቢሮና ለትምህርት ቤት ከተለመደ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም፣ ዘንጉን አጣጥፎ በተራው የአምፖል ማቀፊያ ላይ እንዲገባ ማድረግ የተቻለው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ አምፖል ጋር በስፋት የተዋወቀችው በችግር ጊዜ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ውኃ አጥሯቸው መብራት በፈረቃ በሚታደልበት ወቅትና ከዚያም በኋላ፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ባለሽቦውን እየተረከበ በነጻ ለደንበኞቹ ለውጧል። የዘመቻው ስሌት ቀላል ነበር፤ አዲስ ማመንጫ ለመገንባት ዓመታት ሲያስፈልጉ፣ አምፖል ለመለወጥ የሚፈጀው ወራት ነው። አምፖሎቹ ግን የራሳቸው ደካማ ጎን ነበራቸው፦ ሙሉ ብርሃናቸውን ለመስጠት ጊዜ ይወስዳሉ፣ ቶሎ ቶሎ ሲበሩና ሲጠፉ ዕድሜያቸው ያጥራል፣ መብራት በቀን ብዙ ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት መስመር ላይ ደግሞ ይህ ድክመት ይባባሳል። መጸዳጃ ቤትን በመሰለ፣ መብራት ለአፍታ በርቶ በሚጠፋበት ስፍራ ፍሎረሰንት ማስገባት ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረም።

የፍሎረሰንትን ዕጣ የወሰነው ግን ሜርኩሪው ነው። በአንድ የቤት አምፖል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ይሁንና ለብቻው ተሰብስቦ በማይወገድበት አገር የተቃጠለው አምፖል ከቤት ጥራጊ ጋር ወደ ቆሻሻ መጣያ ስለሚሄድ፣ በሚሊዮኖች ሲባዛ አፈርና ውኃ የሚበክል መጠን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች በ2022 ባሊ ላይ ባደረጉት ጉባኤ፣ የአፍሪካ አገሮች ካቀረቡት ሐሳብ በመነሣት፣ ጠመዝማዛው የቤት ፍሎረሰንት እስከ 2025 ከምርትና ከንግድ እንዲወጣ ተስማምተዋል፤ በ2023 ጄኔቫ ላይ ደግሞ ረጃጅሞቹ ዘንጎች እስከ 2027 እንዲከተሉ ወስነዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ከበለጸጉት ቀድመው መገኘታቸው ሊጠቀስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ያጣው ፍሎረሰንት መራገፊያው አህጉራቸው እንዳይሆን ሠግተው ነበር።

ኤልኢዲ ሽቦም ተንም የለውም። ብርሃኑ የሚወጣው ሴሚኮንዳክተር ከሚባል ቁስ ከተሠራች የምስር ፍሬ እንኳ ከማታክል ቁራጭ ነው፤ ኤሌክትሪክ በቁራጯ ሲያልፍ በቀጥታ ወደ ብርሃን ይለወጣል፣ ስለዚህ ለመጋል የሚባክነው ኃይል በእጅጉ ያነሰ ነው። ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ በ1962 እ.ኤ.አ. ቢታወቅም፣ ነጭ ብርሃን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሰማያዊው የተገኘው ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ለዚህ ያበቁት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በቤት አምፖል ውስጥ ሰማያዊዋ ፍሬ ቢጫ ዱቄት ተቀብታ ሁለቱ ቀለሞች ሲደባለቁ ብርሃኑ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ደኅና የኤልኢዲ አምፖል ከአንድ ዋት ከ90 እስከ 110 ሉመን ይሰጣል፤ ዕድሜውም ከ15,000 እስከ 25,000 ሰዓት ተብሎ ይጻፍበታል። የዚህ ቁጥር ትርጉም አምፖሉ በዚያ ሰዓት ይቃጠላል ማለት ሳይሆን፣ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ በየቤቱ በስድስት ወሩ የሚቃጠለው ኤልኢዲ ምን ሆኖ ነው? የተቃጠለ አምፖል ፕላስቲክ ክዳኑ ሲነሣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በዓይን ይታያል። በክቡ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩት ቢጫ ፍሬዎች በአንዷ መካከል የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ትገኛለች፤ ፍሬዎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ ተቋርጦ ሁሉም ይጠፋሉ። አንዳንድ ጠጋኞች የተቃጠለችውን ዘልለው ሁለቱን ጫፎች በማገናኘት አምፖሉን መልሰው ያበሩታል፤ ነገር ግን የቀሩት ፍሬዎች የጠፋችውን ድርሻ ተካፍለው ስለሚሠሩ ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛዋ መከተሏ የተለመደ ነው። ፍሬዎቹ ሁሉ ጤነኛ ከሆኑ ደግሞ ጥፋቱ ከበታቻቸው ባለው የኃይል መለወጫ፣ ድራይቨር በሚባለው ክፍል፣ ውስጥ ይገኛል። ድራይቨር የመስመሩን 220 ቮልት ለፍሬዎቹ ወደሚስማማ ኃይል ይለውጣል፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ሙቀት የማይወድ ሲሆን፣ በየ10 ዲግሪው የሙቀት ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። በርካሽ አምፖል ውስጥ ይህ ክፍል ሁለት ሦስት ጥቃቅን ዕቃዎች ብቻ የተሸከመ፣ ሙቀት የሚያስወጣ በቂ ብረት የሌለው ይሆናል። ስለዚህ በሁለት አምፖሎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው የሚያርፈው ገዢው በማያየው በዚህ ክፍል ላይ ነው፤ አምፖሉን በእጅ መዝኖ ከበድ የሚለውን መምረጥ ሳይንሳዊ ባይሆንም መሠረት ያለው ልማድ ነው።

ድራይቨሩ ሌላ ጥቅምም አለው። በማሸጊያው ላይ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል የተጻፈበትና ጽሑፉ እውነት የሆነ አምፖል፣ ኃይሉ ወደ 180 ቢወርድም ብርሃኑ አይደክምም። «220–240» ብቻ የተጻፈበት ደግሞ ኃይል በሚወርድበት ሰፈር ሊደበዝዝ ወይም ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ቮልቴጅን ማንበብ ከውጭ አገር በሻንጣ ለሚመጣ አምፖልም ወሳኝ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣና 120 ቮልት የተጻፈበት አምፖል በማቀፊያው ላይ ልክክ ብሎ ቢገባም በኢትዮጵያ መስመር ላይ ወዲያው ይቃጠላል፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የመጣው ግን በ230 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ያለ ችግር ያገለግላል።

በግዢ ጊዜ የብዙዎች ስሕተት ብርሃንን በዋት መለካት ነው። ዋት የሚነግረው አምፖሉ የሚወስደውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም፤ አምፖል ሁሉ ባለሽቦ በነበረበት ዘመን ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ልማዱ አልጎዳም ነበር። አሁን ግን መታየት ያለበት ሉመን ነው፦ የ40 ዋት ባለሽቦን ለመተካት ከ400 በላይ፣ የ60 ዋቱን ከ700 እስከ 800፣ የ100 ዋቱን 1,300 እና ከዚያ በላይ ሉመን ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ማሸጊያውን ለመፈተንም ይጠቅማል። ሉመኑ ለዋቱ ሲካፈል ከ80 እስከ 110 ከደረሰ የሚታመን ነው፤ ባለ 9 ዋት ርካሽ አምፖል «100 ዋት ይተካል» ቢል፣ ከአንድ ዋት ከ140 ሉመን በላይ እሰጣለሁ ማለቱ ስለሆነ አጋንኗል። ሉመን ጭራሽ ያልተጻፈበትን ማሸጊያ መተው ይሻላል።

ቁጠባውን በቁጥር ለማየት በቀን 5 ሰዓት የሚበራ አንድ መብራት ይወሰድ። ባለ 60 ዋቱ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ ተተኪው ባለ 8 ዋት ኤልኢዲ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ አምስት እንዲህ ያሉ መብራቶች ባሉት ቤት ልዩነቱ በወር 39 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ በብር ሲመነዘር ለረጅም ዓመታት ብዙ የሚያጓጓ አልነበረም፤ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው በየአንዳንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ በመቆየቱ ዝቅተኛ ተጠቃሚ ውድ አምፖል ገዝቶ ወጪውን በቶሎ ማካካስ አይችልም ነበር። ሆኖም ታሪፉ በእርከን የተሠራ ስለሆነና ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ስለሚከፍል፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ዋጋው በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በመደረጉ፣ የአምፖል ቁጠባ ትርጉም እያገኘ መጥቷል።

ያም ሆኖ መጠኑን አጋንኖ ማየት አይገባም። በኤሌክትሪክ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት የምጣዱ ኃይል 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚወስደው ከላይ የተጠቀሰው ኤልኢዲ ወደ ሦስት ወር በሚጠጋ ጊዜ ከሚፈጀው ጋር ይተካከላል። አምፖሎቹን ሁሉ ለውጦ ምጣዱን በየቀኑ ለሁለት ሦስት እንጀራ የሚያሞቅ ቤተሰብ የቆጠበውን መልሶ ያጣዋል። የአምፖል ለውጥ ትልቁ ትርፍ የሚታየው ከግለሰብ ቆጣሪ ይልቅ በአገር መስመር ላይ ነው፤ መብራት ሁሉም ቤት በአንድ ላይ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበራልና። አንድ ሚሊዮን ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በባለ 8 ዋት ቢተኩና ሁሉም በአንድ ሰዓት ቢያበሩ፣ ከመስመሩ የሚቀንሰው ጭነት 52 ሜጋዋት ይሆናል፤ የቆቃ የኃይል ማመንጫ ሙሉ አቅም 43 ሜጋዋት ያህል ነው።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፦ 2,700 የቢጫው አምፖል ዓይነት ሞቅ ያለ ብርሃን ሲሆን፣ 4,000 መካከለኛ፣ 6,500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚገኘው የመጨረሻው ነው፤ ደምቆ ስለሚታይ ገዢ ይወደዋል፣ ነገር ግን ሰማያዊው ክፍል በምሽት እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ ለመኝታ ቤትና ለሕፃናት ክፍል የሚመከር አይደለም። ከዚህ የሚለይ ሌላ መለኪያም አለ፤ የቀለም ታማኝነት የሚባለው፣ ዕቃዎች በመብራቱ ሥር የተፈጥሮ ቀለማቸውን ምን ያህል ጠብቀው እንደሚታዩ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ። ባለሽቦው አምፖል 100 ሊሞላ ሲቃረብ፣ መደበኛ ኤልኢዲ 80 ያህል፣ የተሻለው ከ90 በላይ ያገኛል። ዝቅተኛው ኤልኢዲ በተለይ በቀይ ላይ ይደክማል፤ ማታ በእንዲህ ያለ መብራት ሥር ቡና የሚቆላ ሰው የፍሬውን መቅላትና መጥቆር በትክክል ለመለየት ይቸገራል፣ በርበሬም ሥጋም ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ለማድ ቤት ከ90 በላይ ነጥብ ያለውን ፈልጎ መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ብልጭ ድርግም ማለት ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ርካሽ ድራይቨር የመስመሩን መዋዠቅ ሳያለሰልስ ስለሚያሳልፈው ብርሃኑ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደክማል፤ ዓይን ባይለየውም አንዳንድ ሰዎችን ራስ ምታት ያሲዛል። የስልክ ካሜራን ወደበራው አምፖል ማቅረብ ቀላል መፈተኛ ነው፤ በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ከታዩ አምፖሉ ጥሩ አይደለም። ከተከላ በኋላ የሚመጣ ሌላ ቅሬታም አለ፦ ማጥፊያው ተጭኖ እንኳ አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። መንሥኤው ትንሽ አመልካች መብራት ያለው ማብሪያ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ነገር ግን ማጥፊያው የሚያቋርጠው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ ሳይሆን ኒውትራል የተባለውን መመለሻ ከሆነም ያው ምልክት ይታያል፤ ይህ የመስመር ዝርጋታ ስሕተት ነው፣ መብራቱ ጠፍቷል ብሎ አምፖል ለመለወጥ የሚወጣ ሰው ማቀፊያው ውስጥ ኃይል ይጠብቀዋል። ባለሽቦው አምፖል ይህን ለዓመታት ሸፍኖት ሊኖር ይችላል፤ ኤልኢዲው ሲያጋልጠው ባለሙያ መጥራት ይገባል።

በሙሉ በተዘጋ የመስታወት ኳስ ውስጥ ኤልኢዲ ማስገባት ሙቀቱን ያፍነዋል፤ አየር የሚያስገባ መሸፈኛ ወይም ዝቅተኛ ዋት መምረጥ ዕድሜውን ያረዝማል። ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ማብሪያ ባለበት ቤት ለዚያ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበት አምፖል ያስፈልጋል። የማቀፊያው ዓይነት፣ ባለ ጥርስ ይሁን በሁለት ጆሮ የሚቆለፍ፣ ከመግዛት በፊት መታየቱ ግልጽ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ አስፈላጊ አይደለም። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አምፖሉ የሚበራበት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረው የአጥር በር መብራት፣ ሳሎኑና ማድ ቤቱ ይቀድማሉ፣ በሳምንት አንዴ የሚከፈት ዕቃ ቤት ባለሽቦውን እንደያዘ ቢቆይ የሚያሳጣው የለም። ሙቀቱ ራሱ የሚፈለግበት ስፍራም አለ፤ ጫጩት በሚያድግበት ሣጥን ውስጥ ባለሽቦው አምፖል ባካኝ ተብሎ አይወቀስም፣ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ደግሞ በኤልኢዲ ልትተካ አትችልም፤ ድራይቨሩ ያንን ሙቀት አይቋቋምም። በተረፈ ብዙ ሰዓት የሚበራ ባለሽቦ አምፖል ገና ባይቃጠልም ቢነቀል ያዋጣል፤ እየሠራ ያለ ጠመዝማዛ ፍሎረሰንትን ግን ከኤልኢዲ የሚለየው የጥቂት ዋት ልዩነት ስለሆነ ዕድሜውን እንዲጨርስ መተዉ የተሻለ ነው። ሲነቀል መስታወቱን ሳይሆን ፕላስቲክ አንገቱን መያዝ ይገባል፤ ከተሰበረ መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ ለሩብ ሰዓት ያህል ባዶ ይቆይና፣ ስብርባሪው በመጥረጊያ ሳይበተን በወፍራም ወረቀት ተሰብስቦ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል።